የማርታ ቁንጫ

ሁሉም ነገር የተበላሸው ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ በዋለው ማክሰኞ ነው። ሰኞ ደህና ነበርኩ። ሰኞ ሥራ ነበረኝ፤ ሰኞ ሚስቴ ነርስ ነበረች፤ ሰኞ አሶሳ ባለው ቤታችን ደጃፍ አንዲት ትንሽ ቀይ መኪና አፍንጫዋን ወደ ማንጎው ዛፍ አዙራ ቆማ ነበር። ዓርብ ሲመሽ ከሦስቱ አንዱም አልነበረም።

ይህን ስናገር የሚሰሙኝ ሰዎች ትከሻዬን መታ መታ ያደርጉና «ዘመኑ ነው እንጂ ሰው ምን ያደርጋል» ይሉኛል። ደግ ሰዎች ናቸው። እኔ ግን ይህን ዘመን የሚባል ነገር አልወደውም። ዘመን እንደ ቡሉኮ ነው፤ ሰፊ ነው፤ የገረፈውም የተገረፈውም ከሥሩ ገብተው አብረው ይተኙበታል። ሲነጋ ማን ማንን እንደገረፈ አይታወቅም። እኔ ዘመን ብዕር ይዞ ሲጽፍ አላየሁም። ያየሁት አንድ ሰው ነው፤ በግራ እጁ የሚጽፍ፣ ሲፈርም የምላሱን ጫፍ በከንፈሩ ጥግ ብቅ የሚያደርግ፣ ጓድ ሞገስ የሚባል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚለውን ተረት የፈጠረው ሰው መቼም ከተወጉት ወገን መሆን አለበት። የወጋማ ተረት ለመፍጠር ምን አስቸኩሎት!

ቂመኛ ነህ ትሉኝ ይሆናል። ነኝ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አይሆንም ስለተባለ እኔና ባለቤቴ ሥራ ተከፋፍለናል፤ ጸሎቱን እሷ ይዛለች፣ ቂሙን እኔ። ሁለታችንም በርትተን እንሠራለን።

ግን ክስ ብቻ እያነበባችሁ እንዳይሰለቻችሁ መጀመሪያ ስለ መኪናዋ ላውጋችሁ።

ባለቤቴ ማርታ የመንዲ ልጅ ናት። ሚሲዮኖች ዘንድ ተምራ ነርስ ሆነች። በዚያው አካባቢ የጣውላ መሰንጠቂያ የነበረው አንድ ጣሊያን ሽማግሌ እግሩ ላይ አልድን ያለ ቁስል ነበረበት፤ ማርታ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በየሁለት ቀኑ እየሄደች አጠበችለት፤ ቁስሉም በመጨረሻ ሽንፈቱን አምኖ ደረቀ። አብዮቱ መጥቶ መሰንጠቂያው ሲወረስ፣ ሊወርሱ የመጡት ሰዎች ያገኙትን ሁሉ መዘገቡ፤ መጋዙን፣ ግንዱን፣ አልጋውን። መኪናዋ ዘንድ ሲደርሱ ዙሪያዋን ዞሯትና አንዱ፣ «ይቺ ስንት ግንድ ትጭናለች?» ብሎ ጠየቀ።

«አንድም» አለ ሽማግሌው።

«እንግዲያው ትቅርብህ» ብለውት ሄዱ። እሱም ሊብሬውን በማርታ ስም አዛውሮ አገሩ ገባ።

ልብ በሉ፤ መኪናዋ የማርታ ናት። ይህን አጥብቄ የምናገረው አገር ምድሩ «የሱ መኪና» ስላለ ነው። የክስ ወረቀታችን ሳይቀር «ተከሳሹ ሚስቱን በመኪናው ጭኖ» ይላል። የጫነችው እሷ ናት፤ ጭነቱ እኔ ነበርኩ። መንዳት የተማርኩትም ከእሷ ነው፤ ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር «ያ ዋቅ!» ትል ነበር፤ በኦሮምኛ አምላኬ ሆይ ማለቷ ነው። እኔ ስነዳ ከከተማ እስክንወጣ ድረስ እግዚአብሔር አራት አምስት ጊዜ ይጠራል።

ቁመቷ ከወገቤ አያልፍም ነበር። መኪናዋን ነው የምላችሁ፤ ማርታማ ትበልጠኛለች። ሁለት ወንበር ብቻ አላት፤ ከኋላ አንድ ሻንጣና አንድ ጀሪካን ከገቡ ሦስተኛ ነገር አይገባም። ጣሪያዋ ሸራ ነው፤ ሲፈልጉ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ ሳይፈልጉም ይታጠፋል። ሽማግሌው ለእሽቅድምድም የተሠራች ናት ብሎን ነበር፤ ከማን ጋር እንደምትሽቀዳደም ግን አልነገረንም። በክረምት፣ አሶሳ ጭቃ ላይ፣ ከአህያ ጋር ተሽቀዳድማ አህያይቱ ስትቀድማት በዓይኔ አይቻለሁ።

እኔ በዩኒቨርሲቲ የአፈር ሳይንስ ተምሬ ለሰፈራው ሥራ አሶሳ ተመደብኩ። አዲስ ሙሽሮች ስለነበርን ከመንዲ አሶሳ የመጣነው ጣሪያውን ከፍተን፣ እየዘፈንን ነው። ስንደርስ ከፀጉራችን እስከ ጥርሳችን በቀይ አቧራ ተለውሰን ነበርና የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ትኩር ብሎ አየንና፣ «እናንተ ደግሞ ከየት ተቆፍራችሁ ወጣችሁ?» አለን።

ከዚያ ሰባ ሰባት መጣ። ድርቅ ያፈናቀላቸው የወሎ ሰዎች እየተጫኑ መጥተው በቁጥር በሚጠሩ መንደሮች ሰፈሩ፤ መንደር ሰባት፣ መንደር ዘጠኝ እየተባለ። ለመንደር ስም ማውጣት ቀርቶ ለሬሳ ጉድጓድ መቆፈሪያ ጊዜ ያልነበረበት ወቅት ነው። እኔ በየመንደሩ እየዞርኩ አፈር እቆፍራለሁ፤ ማርታ በየመንደሩ እየዞረች ሰው ታክማለች፤ አንዳንድ ቀን ቆፍሬ ስጨርስ ጉድጓዱን ለሌላ ጉዳይ ይፈልጉታል። ስለዚህ እንዴት እንደምስቅ ብትጠይቁኝ፣ ያኔም ይሳቅ ነበር እላችኋለሁ። የሚያስቁንም ሰፋሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ።

ከሁሉ የሚያስቀው አያ ይማም ነው። በመንደር ሰባት የሰፈረ፣ ጢሙ የሸበተ፣ ምላሱ ግን ያልሸበተ ገበሬ። መኪናችንን መጀመሪያ ያያት እህል ከሚያራግፍ ትልቅ ካሚዮን አጠገብ ቆማ ነው። አንዴ ካሚዮኑን፣ አንዴ እሷን ሲያይ ቆየና ጠጋ አለኝ።

«ዶክተር፣ ይች ግልገሉ ጡት ጥላለች?»

«አያ ይማም፣ እኔ ዶክተር አይደለሁም። እኔ የማክመው አፈር ነው።»

«እንዲያ ነው? ታዲያ ምን ለየው፤ ሁላችንም ወደዚያው ነን።»

ቁንጫ ብሎ ስም ያወጣላትም እሱ ነው፤ ጉድጓድ በደረሰች ቁጥር ስለምትዘል። ስሙ ከዚያ ቀን በኋላ አልለቀቃትም።

የአያ ይማም ባለቤት ዘሀራ አንድ ቀን ቀትር ላይ ምጥ ጠናባት። ካሚዮኑ ሄዷል፣ አምቡላንስ የሚባለው ነገር ጎማ ካጣ ወር አልፎታል። ያለችው ቁንጫ ናት፤ ቁንጫ ደግሞ ሁለት ወንበር ነው ያላት። ማርታ መሪው ላይ ተቀመጠች፤ ዘሀራን አጠገቧ አስቀመጥናት። እኔ ወረድኩ። አቧራቸውን እየበላሁ፣ የአፈር መሰርሰሪያዬን ተሸክሜ በእግሬ ተከተልኩ። አሶሳ ስደርስ ልጁ ተወልዶ፣ ታጥቦ፣ ጠብቶ ተኝቷል። ከመንደር ሰባት እኩል ተነሥተን ቀድሞኝ ገባ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ማንም ያልጻፈው ሕግ ወጣ፦ ሦስተኛ ሰው ሲመጣ ከሁለታችን አንዳችን እንወርዳለን። ሙሽራ ሲኖር እወርዳለሁ። የታመመ ሲኖር እወርዳለሁ። አንድ ጊዜ ለፍየል ወርጃለሁ፤ ፍየሏ ታማ ሳይሆን ለታመመ ሰው መጠየቂያ ስለነበረች ነው። ማርታ የወረደችበትም ጊዜ አለ፤ በሽተኛው ሴት ነጂ ካየሁ መንገድ ላይ እሞታለሁ ብሎ የማለ እንደሆነ። ከዚያ እኔ ነድቼው ሲደርስ፣ ሲመለስ ማርታ ትንዳኝ ይላል። ትዳር ምንድን ነው ቢሉኝ፣ ማን እንደሚወርድ ሳይነጋገሩ ማወቅ ነው እላለሁ። ሌላው ሁሉ ድግስ ነው።

ለራሳችንም የኖርንባት ቀን አለ፤ ኧረ አለ! የማንጎ ጊዜ ወንበሩ እስኪጠፋ በማንጎ ሞልተናት፣ ማርታ ማንጎ ላይ ተቀምጣ ስትነዳ ታየኛለች። አንድ እሑድ ደግሞ ከከተማው ዳር ካለው ሣር የለበሰ የአውሮፕላን ማረፊያ ወሰደችኝ። ሜዳው ባዶ ነው፤ አውሮፕላን የሚመጣው አምላክ ሲፈቅድ ነበር። ጣሪያውን አጠፈች፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረች፣ ከዚያ ረገጠቻት። ነፋሱ ዓይኔን በእንባ ሞላው፤ ማርታ ትስቃለች፤ የማረፊያው ዘበኛ ፊሽካውን እየነፋ ከኋላችን ይሮጣል። ያን ቀን ብቻ ቁንጫ የተሠራችበትን ሥራ ሠራች። ዘበኛው ደርሶብን ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቅነው። «ሕገ ወጥ ነው!» አለ። ወንበሩን አየ፣ ሜዳውን አየ፣ እኔን አየ። ወረድኩ። ሁለት ዙር ዞረ።

አሁን ወደ ማክሰኞው ልመለስ፤ ሸሽቼው የማመልጠው አይደለም።

ከአሶሳ ወደ ሱዳን ጠረፍ፣ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ፣ ከሆሞሻ አልፎ አንድ ድንጋያማ ወንዝ አለ። ከወንዙ ማዶ ባለች መንደር ሐጂ ኸሊፋ የሚባሉ የበርታ ሽማግሌ ነጋዴ ይኖራሉ። ሴት ልጃቸው ከወሊድ በኋላ ትኩሳት ይዟት ማርታ እየተመላለሰች አድናታለች። ወንዙን የምንሻገረው እንዲህ ነበር፦ ሁለታችንም ከተቀመጥን የቁንጫ ሆድ ድንጋዩ ላይ ስለሚያርፍ እኔ ጫማዬን አውልቄ እወርዳለሁ፤ ከፊት ከፊቷ እየሄድኩ ጎማው የሚረግጠውን ድንጋይ አሳያታለሁ። ያም ሆኖ በስለት ነው።

ልጅቷ ስትድን ሐጂ፣ ሴትና ወንድ በማይለየው አማርኛቸው ሊጠሩን አሶሳ ድረስ መጡ።

«ማርታ፣ አንተ መጣህ፣ ልጅ ዳነ። አሁን ከራማ አለ። አንተ ካልመጣህ በግ አይታረድም። በግ ቆሞ ይጠብቃል።»

ከራማ የምስጋና ድግስ ነው፤ እንዲህ ተብሎ የተጠራ ሰው አይቀርም። ከሆሞሻ ማዶ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበርና አወጣን። ማርታ ያላትን ደህና ቀሚስ ለበሰች፣ የእናቷን የወርቅ ጉትቻ አደረገች፣ ለአራሷ አዲስ አንሶላ ገዛች። ነዳጅ በዚያ መንገድ ስለማይገኝ እንደ ልማዳችን ጀሪካኑን ሞላን። እዚህ ድረስ የሚወቀስ ሰው የለም።

የሚወቀሰው እኔ ነኝ። ያን ጊዜ የተማረ ሰው አንድ በሽታ ነበረበት፤ ወረቀት ያድናል ብሎ ማመን። በየኬላው «አንተ ማነህ?» ሲባል ስሙን ከመናገር ይልቅ ወረቀት ማውጣት ይቀናው ነበር። እኔ ደግሞ በሽታው ከጠናባቸው ወገን ነኝ። የይለፍ ወረቀቱ ባይበቃስ ብዬ ሻንጣ ከፈትኩ። ዲግሪዬን ከተትኩ። የማርታን የነርስነት ፈቃድ ከተትኩ። ሊብሬውን፣ የምደባ ደብዳቤያችንን፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ በመጨረሻም የጋብቻ ወረቀታችንን።

«አንተ ሰውዬ፣» አለች ማርታ በሩ ላይ ቆማ፣ «ለከራማ ዲግሪ ምን ያደርጋል? ሥጋ ሊቆርጡበት ነው?»

«ለማንኛውም ይኑር።»

«ማሎ! እባክህ፣ እኔን ብለህ ተወው።»

አልተውኩትም።

ኬላው ላይ ያለው ወታደር ጨዋ ልጅ ነበር። የይለፍ ወረቀቱን አይቶ ሊያሳልፈን እጁን አንሥቷል። እኔ ግን፣ ሳይጠይቀኝ፣ «ሌላም ማስረጃ አለን» ብዬ ሻንጣውን ከፈትኩለት። ወረቀቱን አንድ በአንድ አገላበጠ። ጀሪካኑን አየ፣ አንሶላውን አየ፣ ጉትቻውን አየ። ወደ ሱዳን የሚወስደውን መንገድም አየ።

«ጋሼ፣ ድግስ ነው ያላችሁኝ?»

«አዎ።»

«የጋብቻ ወረቀቱስ?»

«ባልና ሚስት መሆናችንን...»

«ማን ጠየቃችሁ?»

ማርታ ዞር ብላ አየችኝ። ያንን ዓይን እስከ ዛሬ ከላዬ አላነሣችውም።

ወደ አሶሳ መለሱንና ጉዳያችን ከሰፈራው ኮሚቴ የምርመራ ኃላፊ ከጓድ ሞገስ እጅ ገባ። ሞገስን ከዩኒቨርሲቲ አውቀዋለሁ፤ ከእኔ አንድ ዓመት ኋላ ነበር። የአፈር ኬሚስትሪ ማስታወሻዬን ተውሶኝ ሳይመልስ ትምህርቱን አቋርጦ ጠፋ። አሶሳ ስንገናኝ ስለ ማስታወሻው አላነሣሁበትም። ሽጉጥ የታጠቀን ሰው ስለ ደብተር አይጠይቁትም።

ረቡዕ በቆርቆሮው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ሞገስ ወረቀቶቻችንን ጠረጴዛ ላይ እንደ ካርታ ጨዋታ ዘረጋጋቸው።

«ጓዶች፣ ማስረጃው ራሱ ይናገራል። ነዳጅ በጀሪካን። ወርቅ በጆሮ። ዲግሪ በሻንጣ። ፊት ወደ ኩርሙክ። ለመሆኑ ድግስ የሚሄድ ሰው የጋብቻ ወረቀት ይይዛል?»

«ሚስቱን የማያምን ይይዛል!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። አዳራሹ ሳቀ። ሞገስ አልሳቀም።

እኔ በልቤ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» እያልኩ ቆሜያለሁ። ማርታ ግን ተነሣች።

«ወንዙን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤» አለች፤ «ይህቺ መኪና ሁለት ሰው ይዛ አትሻገረውም። አንዳችን መውረድ አለብን፤ ያኔም በመከራ ነው። ከዚያ ማዶም ሌላ ወንዝ አለ ይላሉ። ለመኮብለል ብናስብ እሷን እንመርጣለን? በእግራችን ብንሄድ አይቀለንም?»

አያ ይማም ሳይፈቀድለት ብድግ አለ። «ወላሂ፣ እውነቷን ነው! ይች ቁንጫ ከመንደር ሰባት አሶሳ ለመድረስ እንኳ ሦስት ጊዜ ትተኛለች። ደግሞ ቢኮበልሉስ፣ ዶክተር መንገድ ላይ መውረዱ ይቀራል? መውረድ ለምዷል እኮ!»

ሞገስ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀና ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ። «የእውነት መለኪያው ተግባር ነው። ነገ መኪናዋን እኔ ራሴ ወስጄ እፈትናታለሁ። ወንዙን ካልተሻገረች ነፃ ናችሁ። ከተሻገረች ግን ክሱ ተረጋግጧል።»

ምን ልዋሻችሁ፣ ደስ አለን። የቁንጫን ሆድ እናውቀዋለንና!

ሐሙስ ጠዋት ሞገስ ፈተናው ሳይንሳዊ እንዲሆን የማክሰኞው ጭነት ሁሉ መኖር አለበት አለ። ጀሪካኑ ተጫነ። ሻንጣው ከነወረቀቱ ተጫነ። እኔም ሳይንስ ተምሬያለሁና አሠራሩን በልቤ አደነቅሁ። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሁለተኛው ሰው። ማርታ «አንድ ሰው አስቀምጥ እንጂ» ስትለው፣ «ኬላው ላይ አንዱን ወታደር እይዛለሁ» አለ። ከዚያ እሷ እንደ መድኃኒት አወሳሰድ ታስረዳው ጀመር። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ትንሽ ታገሳት። ፍሪሲዮኑን ረግጠህ አትያዝ። ወንዙ ጋ ስትደርስ የግራውን ጥግ ያዝ። ዝናብ ካካፋ ጣሪያውን በሁለት እጅ ሳበው፤ የግራው ማያያዣ ይንሸራተታል። እሱ ሁሉንም ደብተሩ ላይ በግራ እጁ ጻፈ።

«ለምን ትነግሪዋለሽ?» አልኳት በሹክሹክታ።

«መኪናዬን ሰብሮ ይመልስልኝ?»

እኛ ታስረን በቆርቆሮው አዳራሽ ቁጭ አልን። ረፋዱ አለፈ። ከሰዓት በኋላ ያልተጠበቀ ዝናብ መጥቶ ቆርቆሮውን ደበደበው። ማርታ ቀና ብላ አዳመጠችና «ጣሪያው» አለች። ዓርብ ጠዋት ከኬላው ወሬ መጣ፤ ጓድ ሞገስ ትናንት በአራት ሰዓት ብቻውን አልፏል፤ ወታደሮቹም ቆመው ሰላምታ ሰጥተውታል። ከዚያ ወዲያ ኩርሙክንም አልፏል። ሱዳን ገብቷል። የመኮብለያ መኪና መሆኗን ሊያረጋግጥ ሄዶ ኮብልሎባት አረጋገጠ።

ነፃ ወጣን ብላችሁ ካሰባችሁ ያን ጊዜ አልነበራችሁም ማለት ነው። ዓርብ ምክትሉ ሰበሰበንና ውሳኔ አነበበ፤ «መኪናዋ ወንዝ ተሻግራ ከአገር ለመውጣት የምትመች መሆኗ በተግባር ስለተረጋገጠ በባለቤቶቿ ላይ የቀረበው ክስ ጸንቷል።» ማን እንደነዳት የሚል ቃል የለበትም። ሳቄ አመለጠኝ። «ተከሳሹ በውሳኔው ላይ ስቋል» ተብሎ ቃለ ጉባኤው ላይ ገባ። በዚያ ወረቀት ላይ ካለው ሁሉ እውነቱ እሱ ብቻ ነው።

እኔ ዓመት ከመንፈቅ ታሰርኩ። ማርታ ከሥራ ተባረረች፤ የነርስነት ፈቃዷም በሻንጣው ውስጥ ድንበር ተሻግሯል። እኔ የከተትኩት።

ስፈታ ሐጂ ኸሊፋ ማር ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። ማርታ ውሃ ልትቀዳ ወጣ እንዳለች ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኔ ያን ቀን ኩርሙክ ገበያ ነኝ። ልጆች ቤት አለ። በግ ታስሮ ይጠብቃል፣ ማርታ ይመጣል ብሎ። ቀይ መኪና ወንዝ ላይ ቆመ። ሆድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ልጆች አየ፤ የማርታ መኪና! ሮጠ። ስምንት ሰው አነሣ። ወላሂ፣ ትከሻ ላይ አደረገ፣ ተሻገረ።»

«ነጂውን አላወቁትም?»

«አላወቀም። ‹ማርታስ?› አለ ልጆች። ሰውየው አማርኛ ብዙ ተናገረ፣ ልጆች አልገባውም። ከዚያ እጁን ወደ ኋላ አሳየ። እንዲህ። ልጆች፣ ማርታ በእግሩ ይመጣል አለ። በግ አረደ። እስከ ማታ ሥጋ ለማርታ አስቀመጠ።»

ማር ይዤ ተቀመጥኩ። እንግዲህ ቁንጫ ወንዙን አልተሻገረችም። ማርታ የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር። ያሻገሯት ማርታን የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ በፍቅራቸው ትከሻ የተሻገረው ደግሞ ከሳሿ ነው። የተፈረደባት ወንጀል ሠርታ ሳይሆን ተወድዳ ነው። ሐጂ ይህን ተናግረው አልተጽናኑም፤ «እኛ ባናነሣ...» እያሉ ነጠላዬን ያዙኝ። ያ ሽማግሌ ያላጠፋውን ጥፋት ይዞ ሞተ። ያጠፋው ግን በሕይወት አለ።

ከዓመታት በኋላ ከሱዳን የተመለሰ አንድ ነጋዴ፣ ማዶ ባለ ትልቅ እርሻ አንድ ኢትዮጵያዊ የአፈር ባለሙያ እንዳለ አወጋኝ፤ ስሙ የእኔ ስም፣ የአባቱ ስም የአባቴ። እዚህ አፈር እንዳልነካ የተከለከልኩት ሰውዬ እዚያ ማዶ አፈር እያጠናሁ ደመወዝ እበላ ነበር ማለት ነው። ማስታወሻዬን የተዋሰው ለካ ለዚህ ኖሯል!

መንግሥት ሲለወጥ ማርታን ይዤ መዝገብ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊዋ ትሑት ልጅ ናት፤ ፋይሉን አወጣችልን። «ከአገር ልትኮበልል ስትል የተያዘች» ይላል አሁንም። ፈቃዷ እንዲታደስ ይህ ቃል መነሣት አለበት፤ ቃሉን ማንሣት የሚችለው ደግሞ ክሱ ላይ የፈረመው መርማሪ ነው። «አባባ፣ እሱ ቀርቦ አንድ መስመር ቢጽፍ ይበቃል» አለችኝ። አንድ መስመር። ማርታ ከዚያ ወዲህ ባምባሲ ተቀምጣ እስከ ዛሬ ለምጥ ትጠራለች፤ ስንቱን ተቀብላለች። ነጭ ካፖርቷን ግን ሳጥን ውስጥ አጥፋ አስቀምጣዋለች። «ስሜ ሳይነጣ ነጭ አልለብስም» አለች። አልለበሰችም።

ጓድ ሞገስ፣ ከዚህ በኋላ የምጽፈው ለአንተ ነው፤ ሌላው ሰው ምስክር ሆኖ ይቀመጥ። መመለስህን ሰምቻለሁ። ሽበት አምሮብሃል አሉ። በየልቅሶው ቤት ፊት ለፊት ትቀመጣለህ፣ ሰው ያለፈውን ሲያነሣ «ዘመኑ ነው» ትላለህ፣ የሚታተም ነገር ሁሉ ታነባለህ። ስለዚህ ይህንንም ታነባለህ።

ማርታ ይህን እንደምጽፍ ስታውቅ «አንተ ሰውዬ፣ አሁንም?» አለችኝ። ቆየችና ደግሞ፣ «እንግዲያው ያን ቀን ሲዘንብ ጣሪያውን በሁለት እጁ ሳበው ወይ ብለህ ጠይቅልኝ» አለች። የእሷን ጥያቄ አድርሻለሁ። ይቅር ባይ ስለሆነች ጥያቄዋ ቀላል ነው። የእኔ እንደዚያ አይደለም።

ዲግሪዬን አልጠይቅህም፤ ሠርተህበታል፣ ያንተው ይሁን። ማስታወሻዬንም ተወው። መኪናዋም የትም ትዛግ። እኔ የምጠይቅህ ስምንት ሰዎች ወንዝ መካከል ሆነው የጠየቁህን ነው። ያኔ አማርኛ አልገባቸውም ብለህ በእጅህ ወደ ኋላ አሳይተህ አለፍክ። እነሆ እኔ አማርኛ ይገባኛል፤ ወንዙም የለም፣ የሚሸከምህም የለም፣ የምትሮጥበትም አገር አልቋል። መዝገብ ቤቱ ከሰኞ እስከ ዓርብ ክፍት ነው፤ ማክሰኞም ክፍት ነው። ሰው ሁሉ እየሰማ እጠይቅሃለሁ።

ማርታስ?

እጅህን ሰብስብ። በአፍህ መልስ።